ስለ እንግዳ ግዴታ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ይህ አባባል ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ለሚፈልግ መንገደኛ የተነገረ ስለ ሆነ፣ በሰው ቤት ወራት ለሚቀመጥ ሰው በቂ ምክር አይሆነውም። በዛሬው ዘመን ግን ስንቱ ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ሲል ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ አንዱ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላው እዚሁ በአገሩ ውስጥ፣ ቋንቋውንና ልማዱን ከማያውቀው ቤተ ሰብ ጋራ ይኖራል! እንግዲህ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ብረት ሆኖ እንዳይቀር ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ማሰብ ያሻዋል።

እኔ ይህን የተማርሁት በአፋር አገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር ለሥራ ወደ ሰመራ ወረድሁ። በመንገድ ያለችው አዋሽ ሰባት ኪሎ በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ምክንያት ያደገች ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ልዩ ልዩ ሕዝብ በጣቢያዋ ዙሪያ ተቀላቅሎ ስለ ኖረ፣ ደገኛ መንገደኛ በዚያ እንግድነቱ ብዙም አይሰማውም። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ ሲደርስ ግን ሙቀቱም፣ ቋንቋውም፣ ማዕዱም ሌላ ይሆንበታል። ያሳደሩኝ ሰዎች ቀድሞ ግመል ያረቡ የነበሩ ሽማግሌ አባትና ባለቤታቸው ነበሩ። አፋሮች አባትን «አባ»፣ እናትን «ኢና» ስለሚሉ፣ እኔም እንዲሁ እላቸው ነበር።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ታላቅ ወግ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰላሙ ወሬ ይለዋወጣሉ። በዚህ ጊዜ ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ መለየት ግድ ነው፤ የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው ይዋረዳል። ውኃና ሣር ፍለጋ ለሚጓዝ ሕዝብ ሐሰተኛ ወሬ መንጋን የሚፈጅ ነገር ነውና።

በመጀመሪያው ማታ አባ እኔንም እንደዚሁ ጠየቁኝ። ከወዴት እንደ መጣሁ፣ በመንገድ ምን እንዳየሁ፣ ወላጆቼ በሕይወት መኖራቸውን ከጠየቁ በኋላ፣ «ምን ትበላለህ? ምንስ አትበላም?» አሉኝ። በእስላም እጅ የታረደ ሥጋ እንደማልበላ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ጾም በገባ ጊዜ ወተት እንደማልጠጣ ነገርኋቸው። ይህን መናገር ቀላል አልነበረም፤ ልጆቻቸው ከግጦሽ በየማለዳው የሚልኩት የግመል ወተት የዚያ ቤት ክብር ነበርና። አባ ግን ጥቂት ዝም ብለው፣ «ነገርኸን፤ አሁን ቤቱ ቤትህ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ቀና ሆነ። ኢና ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ከሰገዱ በኋላ ሻይ ያፈላሉ፤ የወተቱን ዕቃ በጭስ ያጥናሉ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ወደ ማታ ኢና በግቢው ተቀምጠው የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎኑ ሰሌን ይሠራሉ። የአፋር ሴት እንዲህ ያለውን ሰሌን በጎበጠ እንጨት ላይ አልብሳ ቤት ትሠራለች፤ ጉዞ ሲሆን ደግሞ ነቅላ በግመል ትጭነዋለች። ሌሊት አልጋችንን ወደ ደጅ እያወጣን እንተኛለን። የእኔ ሥራ ውኃ በጀሪካን መቅዳት፣ አልጋዎቹን ጧት ወደ ቤት መመለስና ትንሹን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት ነበር።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን በአንድ ዕለት ገቡ። እነርሱ ቀን አይበሉም፤ እኔ ወተትና ሥጋ አልነካም። ስለዚህ ምግቤን እስከ ማታ አቆየሁት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በቴምርና በውኃ አብረን እንጀምራለን፤ ኢናም የምስር ሳምቡሳ ጨምረው ያቀርቡልኛል። ቴምር ለሁለታችንም የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትሪ ላይ ሁለት ጾም ተገናኘ። ሚያዝያ 2 ቀን ዒድ ሲሆን እኔ ገና ጾመኛ ስለ ነበርሁ ከማዕዱ ጋራ ተቀምጬ ቂጣዬን በምስር በላሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም። ሚያዝያ 27 ቀን ፋሲካ ሆነ፤ በዋዜማው አባ አንድ ፍየል ጎትተው አምጥተው፣ «የእናንተ ሰው ይረድልህ፤ እኛ ደስታውን እንካፈላለን» አሉኝ። ሥጋውን እንደማይቀምሱት ያውቃሉ፤ ሆኖም ገንዘባቸውን አወጡበት። ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከሰው እጅ ተቀብያለሁ ለማለት አልችልም።

በዚያው ሰፈር ያረፈ ሌላ ወጣት ነበር። እርሱ ባለቤቶቹን እንዳያስከፋ ብሎ የማይጠጣውን ወተት ይቀበልና ሲዞሩ ያፈሰዋል። ሳይርበው «ራበኝ»፣ ሲርበው «ጠገብሁ» ይላል። በመጨረሻም ይህን መቀጠል ቢሰለቸው አንድ ማለዳ ሳይሰናበት ሄደ። ባለቤቶቹ «ምን በድለነው ይሆን?» እያሉ ሲጨነቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ! እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ አክብሮት ይመስለናል። ዳሩ ግን ባለቤቱን እውነት ሊችል እንደማይችል ሰው መቁጠር ምን ዓይነት አክብሮት ነው? እውነቱን ያልተነገረው ሰው ቢፈልግም በደንብ ሊያስተናግድህ አይችልም፤ የሚያስተናግደው አንተን ሳይሆን አንተ የፈጠርኸውን ሌላ ሰው ነው። ኢና ምስር ለይተው የቀቀሉልኝ፣ አባም ፍየሉን በነፍሱ ያመጡልኝ የእኔን ወሰን ስላወቁ ነው። ወሰኑ ባይነገራቸው ኖሮ ልግስናቸው መንገድ ባጣ ነበር።

እንግዲህ በሰው ቤት ስትገባ ሥራ ተካፈል፤ የቤቱን ወግ ከመንቀፍህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ፤ የምትችለውንና የማትችለውን በትሕትና፣ በጊዜ፣ ሳትሸፋፍን ተናገር። እነርሱም የራሳቸውን ወሰን ሲነግሩህ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ አደራ ተቀበለው። እንዲህ ያደረገ እንግዳ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወርቅም ብርም መሆን አያሻውም፤ የቤት ልጅ ይሆናልና።