«የእኛ ልጅ»፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የታየ የአሜሪካ ምርጫ

ጥቅምት 26 ቀን 2001 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አሜሪካ ገና ሌሊት ሳለች፣ ባራክ ኦባማ ማሸነፋቸው በቴሌቪዥን ተነገረ። ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ ነው። አያቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሦስት ጊዜ እልል አሉ፤ ቀጥለውም «የእኛ ልጅ እኮ ነው፤ አባቱ የኬንያ ሰው አይደል?» አሉ። ጎረቤቶች መጡ፤ ቡናው እንደገና ተፈላ፤ እኔም ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

ድምፁ የተሰጠው በዋዜማው፣ ጥቅምት 25 ቀን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከቤታችን በላይ ባለው ተራራ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ቀኖች በተገጣጠሙ ቁጥር ትርጉም መፈለግ ለታሪክ ተማሪ የማያምርበት ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁንና ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ሁለቱን ነጣጥዬ ማሰብ አቅቶኛል።

ኦባማ ገና ለዕጩነት ሲፎካከሩ፣ መጋቢት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ስለ ዘር ረጅም ንግግር አድርገዋል። የቀድሞ ፓስተራቸው የጄረማያ ራይት ስብከት የምርጫ ዘመቻቸውን አደጋ ላይ ጥሎት ስለ ነበር ንግግሩ በግድ የመጣ ነው ቢባል ያስኬዳል። በዚያ ንግግር ነጭ አያታቸውን አነሡ። ያሳደጓቸውና አብዝተው የሚወዷቸው እኚህ ሴት፣ ጥቁር ወንዶች በመንገድ ሲያልፏቸው እንደሚፈሩ ነግረዋቸዋል፤ ስለ ሌሎች ዘሮች የሚናገሩትም የልጅ ልጃቸውን ያሸማቅቅ ነበር። ያም ሆኖ ኦባማ አያታቸውን ሊክዷቸው እንደማይችሉ ተናገሩ። ማደሊን ደንሃም የልጅ ልጃቸውን ድል ሳያዩ በምርጫው ዋዜማ አረፉ። ንግግሩን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ስድስት ኪሎ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ስለ አሜሪካ ለማወቅ የጀመርኩት ንባብ መልሶ እኛ ቤት አስገባኝ።

መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አያቴ በዚያው ቴሌቪዥን ተመለከቱ። እልልታ አልተሰማም። «እንግዲህ በወላሞ ልንገዛ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ልጅነቴ ሰበብ ሊሆነኝ አይችልም። ከቤታችን በር አጠገብ ከቦዲቲ የመጣ አንድ ሊስትሮ ይቀመጥ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በዚሁ ቃል እንጠራዋለን፤ እርሱም አቤት ይላል። ጫማዬን ሁለት ዓመት ሲጠርግልኝ ስሙን አልጠየቅሁትም። ዛሬም አላውቀውም።

ቃሉ ከመንደር ስድብነት በፊት የመንግሥት መዝገብ ቃል ነበር። እስከ አብዮቱ ድረስ አገሩ በይፋ «ወላሞ አውራጃ» ይባል ስለ ነበር፣ በ1957 ዓ.ም. የተወለዱት አቶ ኃይለ ማርያም ዓለምን ያዩት በዚያ ስም ሥር ነው። ከስሙ ጀርባ ደግሞ ዘመቻ አለ። በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ። ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዞ ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳትሟል፤ የእልቂቱን ብዛት፣ የተነዳውን ከብት፣ የተማረከውን ሴትና ሕፃን ጽፏል። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል ዓድዋ መጣ፤ የዓለም ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቀና ያለበት፣ አያቴም ኦባማን «የእኛ ልጅ» ለማለት መብት የሰጣቸው የሚመስለኝ ድል። ድሉም ዘመቻውም የአንድ ንጉሥ ሥራ ናቸው። እኔ የተማርኩት አንዱን ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነት ዋነኛው የክርክር ነጥብ ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ በ1865 እ.ኤ.አ. ባርነትን በሕገ መንግሥት ከሻረች በኋላ ኦባማን እስክትመርጥ 143 ዓመት ፈጅቶባታል። ከእኛ የመጨረሻ አዋጅ እስከ መስከረም 2005 ዓ.ም. 70 ዓመት ነው። በቁጥር ብቻ የቀደምን እንመስላለን።

ንጽጽሩ ብዙ አይሸከምም። ኦባማን የመረጣቸው ሕዝብ ነው፤ አቶ ኃይለ ማርያምን ለሥልጣን ያበቃቸው አቶ መለስ ዜናዊ ማረፋቸውና የፓርቲያቸው ውሳኔ ነው። የምርኮኛ ልጅ ናቸው ለማለትም ምንም ማስረጃ የለኝም። ኦባማም ቢሆኑ በአባታቸው ወገን ከአሜሪካ ባሮች አይወለዱም፤ ያን ታሪክ ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ባለቤታቸው ሚሼል ናቸው። እዚህ ላይ የምመዝነው ሁለቱን መሪዎች ሳይሆን በአንድ ሳሎን ውስጥ የተሰማውን እልልታና ሳቅ ነው። የኦባማ መመረጥ አያቴን ምንም አላስከፈላቸውም። በእርሳቸው ላይ የሚሾም፣ ዱሮ ዝቅ አድርገው ያዩት ሰው አልነበረምና።

ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ማታ ኦባማ አዲስ አበባ ገቡ፤ በማግሥቱ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት እራት ተደረገላቸው። አያቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋሁላቸው። ሁለቱ መሪዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። «ከስቷል፤ ፀጉሩም ሸበተ» አሉ ስለ ኦባማ። አቶ ኃይለ ማርያም ሲናገሩ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያም «ይኼስ ጨዋ ሰው ነው» አሉ።

ጨዋ ማለት ዛሬ ሥነ ምግባር ያለው፣ ትሑት ሰው ማለት ነው። በቀድሞው አማርኛ ደግሞ የባሪያ ተቃራኒ፣ ነፃ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። አያቴ ሁለቱንም ፍቺ ያውቁ ነበር። የትኛውን ማለታቸው እንደ ነበር ሳልጠይቃቸው በ2011 ዓ.ም. አረፉ።