ቀላል የሹራብ ሥራና የመንፈስ እርጋታ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላ፣ ክረምቱ ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ሲገባ ሰው ከወትሮው ይልቅ በቤቱ ስለሚውል፣ ሥራ የፈታ እጅና በሐሳብ የተጠመደ ልብ የሚገናኙበት ሰዓት ይበዛል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሰማንን ድብርት፣ ማለትም የመንፈስ መክበድንና የሥራ ፍላጎት ማጣትን፣ ከሚያቀልሉት ነገሮች አንዱ በየቤቱ ታውቆ ሳለ ተገቢው ዋጋ ያልተሰጠው የእጅ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች የእጅ ሥራ ሲባል በተለይ ሁለት ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ አንደኛው ጫፉ ቆልመም ባለ አንድ መርፌ፣ በኪሮሽ፣ የሚሠራውና ለሶፋና ለጠረጴዛ ልብስ የሚሆነው ዳንቴል ሲሆን፣ ሁለተኛው በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ክርን በክር ውስጥ እያሳለፉ የሚሠሩት ሹራብ ነው። መንፈሱ ለደከመ ጀማሪ የሚስማማው ቅርጽ ማውጣት የማይጠይቀው የአንገት ሻርፕ ነው፤ በወፍራም ክር ከ25 እስከ 30 የሚሆኑ ቀለበቶች በአንዱ መርፌ ላይ ይጀመሩና እያንዳንዳቸው በተመሳሳይ አኳኋን ወደ ሌላው መርፌ ይተላለፋሉ፤ ረድፉ ሲያልቅ መርፌዎቹ እጅ ይለዋወጡና ሻርፑ የሚፈለገው ርዝመት ላይ እስኪደርስ ይኸው ይደጋገማል።

የሥራው ቅለት ራሱ ጥቅም አለው፤ የተወሳሰበ ንድፍ ስሕተት ስለሚያበዛ የዛለውን መንፈስ ይበልጥ ሊያዝል ይችላል፣ ቀላሉ ሥራ ግን እጅን በአንድ ምት እያንቀሳቀሰ ልብን ከሚያብሰለስለው ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፣ በየረድፉም የሚታይ ውጤት ይሰጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለድብርት ከሚጠቀሙባቸው ሕክምናዎች አንዱም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ስሜት እስኪስተካከል ሳይጠብቁ ትንሽ ትርጉም ያለው ሥራ መጀመርና ስሜቱ ሥራውን እንዲከተል ማድረግ ነው። 3,545 ሹራብ ሠሪዎች መልስ የሰጡበትና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ የመጠይቅ ጥናት፣ አዘውትሮ መሥራት ከእርጋታና ከደስታ ስሜት ጋር መያያዙን አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ መልስ ሰጪዎቹ ቀድሞውኑ በሥራው የተጠመዱ ሰዎች በመሆናቸው፣ ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ያው ጥናት ከሌሎች ጋር ሆኖ መሥራት ያለውን ፋይዳም ስለሚያመለክት፣ ጎረቤት ለቡና ሲጠራራ መርፌና ክር ይዞ መሄድ ከብቸኝነትም የሚያወጣ ልማድ ነው።

ሥራውን የሴት ብቻ አድርጎ ማየት በአገሩ ታሪክ አይደገፍም፤ ጥጥ መፍተል የሴቶች ሙያ ሆኖ ሲኖር ሸማ መሥራት በአብዛኛው የወንዶች ስለነበረ፣ የአዲስ አበባው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እንደሚያሳዩት የወንድ እጅ ለክር እንግዳ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ሹራብ መሥራት የሕክምናን ቦታ አይተካም፤ ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ ወይም ሕይወትን ካስጠላ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል። ከዚያ በመለስ ላለው የመንፈስ መክበድ ግን የአሰላና የአካባቢዋ ወላጆችና መምህራን ክረምቱ ሳይገባ ለሴቱም ለወንዱም ልጅ መርፌና ክር ቢያስይዙ፣ ለብርዱ የሚሆን ልብስና ለከባድ ቀን የሚሆን ሙያ አብረው ያወርሷቸዋል።