ከተሞክሮዬ፦ ቡናማው ቀለም የሚነግረንና የማይነግረን

የተወለድኩት መርሳ ነው፤ ሐብሩ ወረዳ። ሁለተኛ ደረጃን ወልድያ ጨርሼ ሕክምና ተማርኩና ዞሮ ዞሮ ፓቶሎጂስት ሆንኩ። ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀርብልኝ በሽታውን ለይቼ እጽፋለሁ። ወደ ሙያው ስገባ ልቤን የወሰደው የኩላሊት ካንሰር ነበር። ዕጢው ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በአንቲቦዲ እየፈለግን ቡናማ ቀለም ካወጣንባቸው፣ ማን እንደሚድንና በሽታው በማን ላይ እንደሚመለስ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት እናውቃለን ብዬ አምን ነበር። አሁን የማምነው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

1. ምርመራው የሚጀምረው ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም።

ከክልል ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን ናሙና ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው አስታማሚው ነው። አንድ ወጣት የወንድሙን ኩላሊት በጠባብ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣልኝ። ኩላሊቱ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነበር የተከተተው። ፎርማሊኑም ዳር ዳሩን ብቻ አርሶታል። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ኩላሊት ተሰንጥቆ ከመጠኑ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ይህን እያወቅኩ ቀለሙን አስቀባሁ። መሃሉ ባዶ ሆኖ ሳየው «ፕሮቲኑ የለም» ብዬ ልጽፍ ነበር። ስላይዱን ወደ ጠርዙ ሳንሸራትተው ግን ፎርማሊን በጊዜ ያገኘው ዳርቻ ቡናማ ሆኖ ቁጭ ብሏል! ፕሮቲኑ ነበረ፤ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ «ኔጌቲቭ» ውጤት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ናሙናው በምን ዕቃ፣ መቼ እንደተላከ ነው።

2. ጥሩ ታሪክ ያለው ፕሮቲን ሁሉ ለበሽተኛው አይጠቅምም።

እኔን የማረከኝ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9 የተባለው ፕሮቲን ነው። ከኩላሊት ካንሰሮች አብዛኛው ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በእሱ ውስጥ ቪኤችኤል የተባለው ጂን ብዙውን ጊዜ ይበላሻል። ያኔ ሴሉ ኦክስጅን ሞልቶለት ሳለ የታፈነ ይመስለዋል፤ ለእጥረት ጊዜ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችንም ያመርታል። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9 ከእነዚህ አንዱ ነው። ሴሎች የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በ2003 የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሽታው ከተሰራጨባቸው ሰዎች መካከል ፕሮቲኑ ያነሰባቸው ቶሎ እንደሚሞቱ ጻፉ። ጽሑፉን ላገኘሁት ሁሉ አሳይ ነበር። የ2007ቱን የማዮ ክሊኒክ ጥናት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። በዚያ ጥናት የሴሎቹ ኒውክለስ ደረጃና በዕጢው ውስጥ የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩ አብሮ ሲሰላ፣ ፕሮቲኑ በራሱ የሚጨምረው ነገር አልተገኘም።

ይህ ለጥቂት ጊዜ አስኮረፈኝ። ኋላ ግን የማነብበትን መንገድ ለወጠው። ስለ አዲስ የፕሮቲን ምልክት ስሰማ ከሞት ጋር መያያዙ ብቻ አይበቃኝም፤ ከምናውቀው በላይ ምን ይነግረናል እላለሁ። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ።

3. ማስመሪያን አትናቁ።

ዕጢው ከ4 ወይም ከ7 ሴንቲሜትር ይበልጣል? ወደ ኩላሊቱ ደም መልስ ገብቷል? የኒውክለሱ ደረጃ ከ1 እስከ 4 የትኛው ነው? የሞተ ሥጋ አለው? ማዮ ክሊኒክ በ2002 ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ የተሠራው ከእንዲህ ያሉ ነገሮች ነው፤ ማስመሪያና የተለመደው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይበቃሉ። አንድ ሰርጅን ደውሎ «ዶክተር፣ የፕሮቲኑ ነገር ይቅርና ደም መልሱ ውስጥ ገብቷል?» አለኝ። ሪፖርቴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

4. መጥፎ ዜና የሚያወራ ፕሮቲን መድኃኒት አይመርጥም።

ይህን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። ፒዲ-ኤል1 የተባለው ፕሮቲን የበዛበት የኩላሊት ዕጢ ክፉ እንደሆነ ከ2004 ጀምሮ ተጽፏል። ታዲያ ይህ ፕሮቲን የሚሠራበትን መንገድ የሚዘጋው ኒቮሉማብ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው ፕሮቲኑ ለበዛበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2015 የወጣው ትልቅ ሙከራ ግን መድኃኒቱ ፕሮቲኑ ላለበትም ለሌለበትም እንደሚጠቅም አሳየ። በተቃራኒው የጡት ካንሰርን እዩት፤ የኤስትሮጅን ተቀባዩ ቡናማ ከሆነ ታሞክሲፈን ይታዘዛል፤ ካልሆነ ይቀራል። ስለዚህ ለጥቂት አንቲቦዲዎች ብቻ ገንዘብ ያለው ላብራቶሪ ምን ይግዛ ቢሉኝ፣ የኩላሊቱን ወዳጅ ነኝና እያመመኝም ቢሆን «መጀመሪያ ለጡት» እላለሁ።

5. በሽተኛው የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ከሐብሩ የመጡ አዛውንት ውጤታቸውን ራሳቸው ሊወስዱ መጡ። የአገሬን አነጋገር ስሰማ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ስንት ዓመት ሰጠኝ?»

«ዓመት አይሰጥም፣ አባቴ። እንደ እርስዎ ያሉ መቶ ሰዎች ቢኖሩ አብዛኞቹ ደህና ይከርማሉ። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ ግን መሣሪያዬ አያሳየኝም።»

ትንሽ አሰቡና «በሬውን ልሽጠው ወይስ ላቆየው ነው የምልህ» አሉ።

ዕጢያቸው ከ7 ሴንቲሜትር ያነሰ ነበር፤ ደም መልሱም ንጹሕ። ያን ጊዜ ስለ ፕሮቲን ምንም አላወራሁም። የቀረቻቸው አንዲት ኩላሊት ስለሆነች ግፊታቸውን እንዲለኩ፣ ለወገብ ሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ ከሱቅ እንዳይገዙ፣ ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ ነገርኳቸው። አልትራሳውንዱንና የደረት ራጁን ወልድያ መነሳት ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን እንዲጠይቁም ጨመርኩ።

«በሬውን ያቆዩት» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ሰኔ ላይ እንዳይቀጥሩኝ ለሐኪሙ ንገርልኝ፤ ማሽላ አለብኝ።»