ባሕሩ ዛሬ ምን መሰለ?

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ዳር ላደገ ሰው ባሕር ማለት ማታ ትቶት የገባውን ውሃ ጠዋት እዚያው የሚያገኘው ነው። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. ለንደን የምትኖረው አክስቴ “ዛሬ ባሕር አሳይሻለሁ” ስትለኝ ብዙም አልጓጓሁም። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ዎርዚንግ ወረድን። ከብራይተን በስተምዕራብ ያለች፣ ጡረተኛ የሚበዛባት፣ ረጋ ያለች ከተማ ናት።

ስንደርስ ውሃው ጠጠሩን እየገረፈ ነበር። አሳና ድንች ጥብስ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ አክስቴ ጨውና አቼቶ አርከፈከፈችበት። ከጣና ቀረሶ ጋር አይወዳደርም፤ ግን በዚያ ብርድ ጣቶቼን ያሞቀልኝን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በልተን፣ ከተማውን ዞር ዞር ብለን ስንመለስ ባሕሩ የለም። ጠጠሩ ካበቃበት ጀምሮ እርጥብ አሸዋ ተነጥፏል፣ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል፣ ውሃው ወዲያ ርቆ ያብለጨልጫል።

“የት ሄደ?” አልኳት።

“ይመጣል። በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል።”

በዓመቱ እዚያው ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ከምንከባከባቸው መካከል ሰማንያን ሊሻገሩ የተቃረቡ ሴት ነበሩ። በስማቸው መጥራት አንደበቴ እምቢ ስላለኝ “እማማ” አልኳቸው፤ ወደዱት። እግራቸው አይታዘዝም፣ መስኮታቸውም የሚያየው ጓሮውን ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ የመጀመሪያ ቃላቸው “ባሕሩ ዛሬ ምን መሰለ?” ነበር። “ጥሩ ነው” እያልኩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርገው “ጥሩ ምን ማለት ነው? ቀለሙስ? ነፋሱ ከየት በኩል ነው?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በፊት በባሕሩ በኩል መዞር ጀመርኩ። ደፍርሶ ያገኘሁት ቀን “የተልባ ውሃ መስሏል” አልኳቸው፤ ተልባን እንዴት እንደምንቆላውና እንደምንበጠብጠው አስረዳኋቸው። በማግስቱ “ዛሬም ተልባ ነው?” ብለው ጠበቁኝ።

እሳቸውም የልጅነታቸውን ዎርዚንግ ያጫውቱኝ ነበር። ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የገባው ድልድይ፣ ፒር የሚሉት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1862 የተከፈተ ነው። በ1933 ጫፉ ላይ ያለው አዳራሽ ሲቃጠል፣ ሊዝናና የመጣው ሰው ሁሉ እሳቱ እንዳይዛመት የወለሉን ሳንቃ ይነቅል ነበር። እማማ ይህን ሲያወሩ አንሶላቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሳንቃው እንዴት እንደተነቀለ ያሳዩኛል።

አንድ ጠዋት ደግሞ “ንጉሣችሁ እኮ እዚህ ነበሩ” አሉኝ። የጃንሆይ ስደት ሲነሳ ባዝ ከተማ ብቻ ትዝ የሚለን ብዙ ነን። እንደ ፈረንጆቹ በ1936 ግን ዎርዚንግም፣ ዋርንስ በሚባል ሆቴል ተቀምጠው ነበር። ሆቴሉ ዛሬ የለም፤ በቦታው የመኖሪያ ሕንፃ ቆሟል፣ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳም አለ። ከሥራ ስወጣ ሄጄ ከሥሩ ቆምኩ። ፊት ለፊት ባሕሩ ነው። አገራቸው በጠላት እጅ ሆና፣ እዚህ ቆመው ውሃው ሲሸሽና ሲመለስ ማየታቸውን አስቤ ሆዴ ባባ።

እማማ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ አረፉ። ያን ዕለትም በባሕሩ በኩል ዞሬ ነበር የገባሁት። ነፋስ አልነበረም፤ ውሃው ጠርቶ፣ ፀሐይዋ ከፒሩ ሥር እየወጣች ነበር። የምነግራቸውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነው በሩን የከፈትኩት።

አሁን የምኖረው ለንደን ነው። በየበጋው ግን አክስቴን ይዣት እወርዳለሁ፤ ድንቹን የምገዛው፣ አቼቶውን የማርከፈክፈው እኔ ሆኛለሁ። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ባሕር ዳር ለእናቴ እደውላለሁ።

“እማዬ፣ ጣና ዛሬ ምን መሰለ?”

“እዚያው ነው ልጄ” ትለኛለች። “የት ይሄዳል ብለሽ ነው?”