ከአጥሩ ወዲህ

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ሲጻፍ ጎልቶ የሚነሳው የሼዱ፣ የመብራቱና የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ነው፡፡ እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ከአጥሩ ወዲህ ያለውን፣ የቀበሌውንና የኪራይ ቤቱን ነገር ነው፡፡

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፡፡ ግንባታው ዘጠኝ ወር ገደማ ብቻ መውሰዱ በኩራት ተነግሮናል፤ ኩራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ 52ቱ ሼዶችና ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውለው ጣቢያ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሲቆርጥ ምን ማድረግ እንደሚችል አሳይተዋል፡፡ ፓርኩ 60,000 ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታቀደ፡፡

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው የት ያድራል? መሬት የሚመራውና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር ነው፤ አቅሙስ ከወዴት ይምጣ? ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ትንሽ ስሌት በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፡፡ በ2011 ዓ.ም. የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 750 ብር ገደማ ነበር፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከግል ድርጅት ተቀጣሪ የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልል ነው፡፡ በወቅቱ እስከ 600 ብር ከግብር ነፃ ስለነበር፣ ከቀሪው 150 ብር በ10 በመቶ የሚገኘው 15 ብር ነው፡፡ ባለ ፋብሪካው ደግሞ ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ ተደርጓል፡፡ እንግዲህ በነፍስ ወከፍ 15 ብር ይዞ የትኛው ከንቲባ ነው ውኃ ዘርግቶ፣ መንገድ አውጥቶ መኖሪያ የሚያሠራው? ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስቃሉ፡፡

እኔን አያስቀኝም፡፡ የእህቴ ልጅ ከቦዲቲ መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል እየኖረች እዚያ ስትሰፋ ነበር፡፡ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማዋ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ሲነሳ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ስፌት መኪናዋ አልተመለሰችም፡፡

ችግሩን ሁሉ በአጎዋ የሚያሳብቡ ወዳጆች አሉኝ፡፡ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዘጋቱ ከባድ ምት እንደነበር አልክድም፡፡ ነገር ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ጥናት ከዚያ ቀድሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ነበር፣ የፓርኩ ፋብሪካዎች በመጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው በአማካይ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ መተካት እንደነበረባቸው ያመለከተው፡፡ ያን ዓይነት ፍልሰት ዋሽንግተን አላመጣውም፡፡

ፓርኩ ሲታቀድ ሲዳማም ወላይታም መቀመጫው ሐዋሳ በሆነ አንድ ክልል ሥር ነበሩ፡፡ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ክልል ሆነ፤ ወላይታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ገባ፡፡ ራስን በራስ የማስተዳደር መብትን አልሞግትም፡፡ ዳሩ ግን አንዲት የቦዲቲ ልጅ ዛሬ ሐዋሳ ስትቀጠር የክልል ወሰን ትሻገራለች፤ ያስተማራት አንዱ ክልል፣ ግብሯን የሚቀበለው ሌላው፡፡ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 2,000 ብር ደርሷል፡፡ ለእርሷ እሰየው ነው፤ የሰፈሯን ቧንቧ ማን እንደሚዘረጋላት ግን አሁንም አልተነገራትም፡፡