«እሺ» ሲባል ምን ተሰማ?

አውሮፕላን ውስጥ ቀበቷችሁን አስራችሁ ስትቀመጡ፣ አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር ምን እንደሚያወሩ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሬዲዮ ንግግራቸውን ቅጂ በምሳ ሰዓት ካሰማኝ ወዲህ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሰዎቹ ይቀልዳሉ!

በኒውዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ የነበረው ተቆጣጣሪ ስቲቭ አብርሃም በተረቡ የተነሳ «ኬኔዲ ስቲቭ» የሚል ቅጽል ስም አትርፏል። ተራ በመጠበቅ የተሰላቹ አብራሪዎችን ሲያስቅ የሚሰማባቸው ቅጂዎች ዛሬም በኢንተርኔት ይደመጣሉ።

አብራሪዎች የሚወዱት አንድ የቆየ ቀልድም አለ። አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ፍራንክፈርት አርፎ መንገዱ ይጠፋበታል። ትዕግሥቱ ያለቀ ጀርመናዊ ተቆጣጣሪ «ከዚህ በፊት ፍራንክፈርት መጥተህ አታውቅም እንዴ?» ይለዋል። አብራሪው ረጋ ብሎ «በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1944፣ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ጨለማ ነበር፤ ደግሞም አላረፍኩም» ይላል።

ቀልዱ ካርታው ላይም አለ። አውሮፕላኖች የሚከተሏቸው የሰማይ ላይ ነጥቦች አምስት አምስት ፊደል ያላቸው ስሞች አሏቸው። በተጠበሰ ሥጋዋ ወደምትታወቀው የአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ የሚያመሩ አብራሪዎች «ባርቢኪው»፣ «ስፓይሲ»፣ «ስሞክ» እና «ሪብስ» የተባሉ ነጥቦችን ያገኛሉ። እስኪያርፉ ድረስ ሳይርባቸው አይቀርም!

ታዲያ በዚህ ሥራ ላይ ቀልድ አደገኛ አይደለም? ምሥጢሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው መመሪያ ይሰጣል፤ አብራሪው የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀልድ ቦታ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ብዙ ዋጋ ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት፣ በጉም በተሸፈነ ማኮብኮቢያ ላይ፣ ተቆጣጣሪው ለአንድ አውሮፕላን «ኦኬ» ካለ በኋላ እንዲጠብቅ ነገረው። በዚያው ቅጽበት ሌላ አውሮፕላን በሬዲዮው በመናገሩ «ጠብቅ» የሚለው ተዋጠ፤ ጎልቶ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነበር። ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የቤታችን «እሺ» ነው። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ የተላከ መልእክት ሁሉ እንደታሰበው እንደማይደርስ በየቀኑ አያለሁ። ሁለተኛ ልጃችን ከተወለደ ወዲህ ደግሞ የእኔና የባለቤቴ ንግግር በሙሉ መመሪያ ሆነ፦ «ዳይፐር አልቋል»፣ «የትምህርት ቤት ክፍያ አትርሳ»፣ «ነገ ክትባት አለ»። መልሱ «እሺ» ነው። ሰምቻለሁ ማለት ነው? አደርገዋለሁ? ወይስ አሁን ተዪኝ? አንድ ማታ አብረን የሳቅነው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ ሲያቅተኝ ፈራሁ።

ስለ አብራሪዎቹ ለባለቤቴ ነገርኩት። በማግሥቱ «ዳይፐር አልቋል» ስለው ቀጥ ብሎ ቆመና ድምፁን አወፍሮ «ዳይፐር፣ ቁጥር 4፣ ከ12 ሰዓት በፊት። ለመነሳት ፈቃድ ይሰጠኝ» አለ። ትልቋ ልጃችን ከሶፋው ላይ «ተፈቅዷል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማማው አለቃ እሷ ናት።

ድካሙ አልቀነሰም፤ ሕፃኑም ሌሊት መነሳቱን አልተወም። «ነግሬህ ነበር»፣ «አልነገርሽኝም» የሚለው ጭቅጭቅ ግን በጣም ቀንሷል።

እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከትዳር አጋራችሁ «እሺ» የሚል መልስ ስትሰሙ፣ በፈገግታ «እስቲ ድገምልኝ» ወይም «እስቲ ድገሚልኝ» በሉ። መደጋገሙ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም፤ ለጭቅጭቅ ይውል የነበረው ጊዜ ደግሞ ለጨዋታ ይተርፋል።