ኮፍያው ውስጥ 32 ስም

እኛ የ8ኛ ክፍል የድራማ ክበብ አባላት 32 ነን። እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን ቴአትር ቤት ገብተን የምናውቀው 10 አንሞላም ነበር። እዚህ ናይሮቢ የምናየው ቴአትር ትኬቱ 400 ሽልንግ ነው። ጉዞ በተዘጋጀ ቁጥር የሚሄዱት እነዚያው ልጆች ነበሩ። አንድ ጓደኛችን ሁልጊዜ «ቴአትር ይሰለቸኛል» ይለን ነበር። እኛም «ታዲያ ክበቡ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» እያልን እንስቅበት ነበር።

በዓመቱ መጀመሪያ መምህራችን ስለ ኒውዮርክ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሬንት» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ብሮድዌይ ሲገባ የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች በ20 ዶላር ብቻ ይሸጡ ነበር። ወጣቶች ትኬቱን ለማግኘት መንገድ ዳር ያድሩ ስለነበር አሠራሩ በኋላ ወደ ዕጣ ተቀየረ። በ2015 ብሮድዌይ የገባው «ሃሚልተን» ደግሞ የዕጣውን ወንበር 10 ዶላር አደረገው፤ የሃሚልተን ምስል ያለው በ10 ዶላር ኖት ላይ ነውና። እኛን ይበልጥ የገረመን በዕጣ የሚሰጠው የኋላው ሳይሆን የፊቱ ወንበር መሆኑ ነው።

መምህራችን ቴአትር ቤቱን አነጋግረው በየትርኢቱ 8 የፊት ወንበሮች በግማሽ ዋጋ፣ በ200 ሽልንግ ተፈቀዱልን። ስማችንን ጽፈን ወረቀቱን ጠቅልለን ኮፍያ ውስጥ ጨመርን። ዕጣው ሲወጣ የዚያ ጓደኛችን ስም ወጣ። ሁላችንም አጨበጨብን። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ለሌላ ስጡልኝ፤ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» አለ። ሥራ አልነበረበትም፤ ያልነበረው 200 ሽልንግ ነው። ያኔ ነገሩ ገባን፤ የሳቅነውም ትዝ ብሎን አፈርን።

መፍትሔውን ያገኘነው ከእናቶቻችን እቁብ ነው። እቁብ ላይ ዕጣ የሚወስነው ማን እንደሚያገኝ ሳይሆን ማን እንደሚቀድም ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ሰርዘን እንደገና ጀመርን። በየትርኢቱ ሁላችንም 50 ሽልንግ እናዋጣለን፤ ድምሩ 1,600 ይሆናል፣ የ8 ሰው ትኬት ማለት ነው። የወጣለት ሰው ስሙ ወደ ኮፍያው አይመለስም፤ መዋጮውን ግን አያቋርጥም። ዳኛና ጸሐፊም መረጥን። መጀመሪያ የወጣላቸው ሁለት ልጆች መክፈል ሲያቆሙ ዳኛችን «ለእናቶቻችሁ እነግራለሁ» አለቻቸው፤ በማግስቱ ከፈሉ።

በአራት ትርኢቶች 32ታችንም ገባን። ጓደኛችን ማንዳዚ መግዣውን እያጠራቀመ ሃምሳ ሃምሳውን ከፈለ፤ ዕጣው በሦስተኛው ዙር ወጣለት። ትርኢቱ በስዋሂሊ ስለነበር ለአንዳንዶቻችን ያመለጠንን ቀልድ ሁሉ ስንመለስ ማታቱ ውስጥ የእያንዳንዱን ተዋናይ ድምፅ እያስመሰለ ደገመልን። ይሰለቸኛል ያለን ልጅ!

ኮፍያውንና የጸሐፊውን ደብተር ለ7ኛ ክፍል አስረክበናል። አደራችንም አንድ ነው፤ «ቴአትር አልወድም» የሚል ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ ከመሳቃችሁ በፊት የትኬቱን ዋጋ አስቡ።